ስንት ሰው ናችሁ?

የእረፍት ቤት ልትከራዩ ስትነሱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ይሄ ነው። ድረ ገጹም፣ ደላላውም፣ ስልክ ያነሱት የቤቱ ባለቤትም ስለ ዋጋ ከማውራታቸው በፊት ቁጥር ይፈልጋሉ። የእኛ ቤተሰብ ደግሞ እስከተወሰነ ድረስ ነው የሚቆጠረው። አራት እህትና ወንድም ነን፤ ሁለቱ አግብተዋል፤ አምስት ልጆች አሉ፤ እማዬ አለች። አሥራ ሁለት። ከዚያ አክስታችን አለች፤ እሷን ትቶ እማዬን ብቻ ይዞ መሄድ አይታሰብም። እማዬ ጋር የምትኖረው ልጅም አለች፤ እማዬ ያለሷ አታድርም። አሥራ አራት። የአባቴ የክርስትና ልጅ ደግሞ ካልተነገረው ይቀየማል፤ ከተነገረው ይመጣል፤ ከመጣ ብቻውን አይመጣም። እንግዲህ ድረ ገጹ ላይ ያለችውን የመደመር ምልክት ስንት ጊዜ ልጫናት?

ከዚህ በፊት ይሄ ጥያቄ አስጨንቆን አያውቅም፤ ቤት ነበረን። ቤቱ ራሱ ብዙም አልነበረም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ። ግቢው ግን ግቢ ነበር። ጌሾ ነበረው፣ ኮክ ነበረው፣ ከኩሽናው ጀርባ ልጅ የሚደበቅበት ቦታ ነበረው። ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ስትመጣ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ይነጠፍና ጎን ለጎን እንተኛለን። በነገራችን ላይ ኤርቢኤንቢ የሚባለው ነገር የተጀመረውም እንደዚሁ ነው። በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች የቤት ኪራይ ሲከብዳቸው፣ በአየር የሚሞላ ፍራሽ ሳሎናቸው ላይ ዘርግተው ለስብሰባ የመጡ እንግዶችን አሳደሩ፤ ስሙም ከዚያ ፍራሽ መጣ። ይሄን ለእማዬ ስነግራት «ታዲያ ገንዘብ ተቀበሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተቀበሉ። ዝም አለች።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ እማዬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳት። ሊፍት የለውም። ጉልበቷን የሚያማት ሰው ስለሆነች አንዴ ከወጣች ቶሎ አትወርድም። ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ውሃ ሲኖር ውሃ አለው። አባታችን ያረፈው ከዚያ በፊት ነው። እማዬ ይሄን እንደ ምሕረት ነው የምታየው፤ «ግቢው ሲፈርስ አላየም» ትላለች።

እህቴ ግንቦት ላይ ደወለች። «ነሐሴ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። የት ነው አብረን የምናድረው?» ሆቴል አሰብን። ሆቴል ግን ቤተሰብን በክፍል ቁጥር ይበትናል፤ ማታ ላይ ሁሉም በሩን ይዘጋል፤ ቡና ደግሞ አስተናጋጅ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ሦስት ሌሊት የምናድርበት ሙሉ ቤት ለመከራየት ተስማማን። እማዬ ብቻ አልተስማማችም። «ቤት እያለኝ በኪራይ ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለች። የመፈለጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ፤ አላገባሁም፣ ልጅ የለኝም፣ ኢንተርኔት አለኝ።

ስትፈልጉ ቶሎ የሚገባችሁ ነገር ገበያው ሁለት መሆኑ ነው። አንደኛው የዶላር ገበያ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ያደሩ ሰዎች አስተያየት አለ፤ ካልሆነም ገንዘብ የሚመለስበት ደንብ ተጽፏል። የእኔ የብር ካርድ ግን እዚያ አይሠራም፤ ውጭ አገር ያለ ሰው መክፈል አለበት። መጀመሪያ የምታዩት የአንድ ሌሊት ዋጋም ሊያታልል ይችላል። የጽዳትና የአገልግሎት ክፍያ ካልተካተተበት፣ ሲደመር ሌላ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ቤት ስታወዳድሩ የመጨረሻውን ድምር ከመጨረሻው ድምር ጋር አወዳድሩ። የጽዳት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሌሊትም አደራችሁ አምስት ያው ስለሆነ፣ ለአጭር ቆይታ ይከብዳል።

ሁለተኛው የቴሌግራምና የደላላ ገበያ ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ይከራከሩታል፤ በቴሌብር ይከፈላል። አስተያየት የሚባል ነገር ግን የለም፤ ያለው የደላላው መሐላ ነው። «እህቴ ሙች፣ ፎቶው ቤቱን አይገልጸውም» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው፣ አይገልጸውም። ቀብድ ግን አሁኑኑ ይፈልጋል። «ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው» የማይል ደላላ እስካሁን አልገጠመኝም።

እህቴ «እኔ ከዚህ በካርዴ እከፍላለሁ፣ አትጨነቁ» አለች። ከልቧ ነው። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ግን ወንድሜ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ለእኔ ብቻ ደወለ። «እሷ ከከፈለች እኮ እሷ ናት ያስተናገደችን። እማዬን የልጇ እንግዳ ልናደርጋት ነው? እኛስ ገና በአገራችን እንግዳ እንሁን?» ነገሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። የድሮው ቤት ውስጥ አስተናጋጅና እንግዳ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጣ ሰው ሽንኩርት ይሰጠውና ይልጣል። ለእህቴ ይሄን በጥንቃቄ ነገርኳት። መጀመሪያ ከፋት፤ «የአውሮፕላኑን ከፍዬ መምጣቴስ?» አለች። ቀጥላ ራሷ መፍትሔ አመጣች፤ ኪራዩ ለአራታችን እኩል ይካፈል፣ ከአራታችን ኪስ የማይወጣ ቤት አይታይ። በዚህ ምክንያት የዶላሩን ገበያ ዘጋነውና ወደ ሁለተኛው ገባን። ለራሳችንም አንድ ሕግ አወጣን፤ ከመካከላችን አንድ ሰው በዓይኑ ሳያየው ቀብድ አይከፈልም።

ይቺ ሕግ ቦታውንም መረጠችልን። የእህቴ ልጆች መዋኘት ስለፈለጉ መጀመሪያ ያሰብነው ላንጋኖን ነበር፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ሰው ይዋኝበታል። ሐዋሳም ተነሳ። ላንጋኖ ግን ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐዋሳ ደግሞ ወደ 275። ቤት ለማየት ብቻ ደርሶ መመለስ አይሆንም፤ የእማዬ ጉልበትም ያን ያህል ሰዓት ታጥፎ አይቀመጥም። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት ወጥታችሁ ሦስት ቤት አይታችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲያስፖራ ቤተሰብ የሚመጣው የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ እዚያ በጋ፣ እዚህ ክረምት። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው። ስለዚህ እኛ በዝናብ ሐይቅ ዳር ልንሄድ፣ ሄደንም አሳ ላንበላ ነበር። ይሄ ቀልድ ቢመስልም የምታዩትን ቤት ይለውጠዋል። የማስታወቂያው ፎቶ በሙሉ በፀሐይ የተነሳ ነው፤ ነጭ ወንበር፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ አበባ። እኛ ግን ማወቅ የፈለግነው በረንዳው ጣሪያ እንዳለው፣ አሥራ አራት ሰው ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ፣ እማዬ ደግሞ ለቅዳሴ በእግሯ የምትደርስበት ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ነው።

የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጀሁ። ቢጠቅማችሁ፦ ምድር ቤት መኝታ አለ ወይ? መጸዳጃውስ እዚያው ነው? የውሃው ሮቶ ስንት ሊትር ይይዛል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? ነዳጁን ማን ይገዛል? ከሰል ማቀጣጠል ይፈቀዳል? ዘበኛው ማታ ይኖራል? ጎን ያለው ግቢ ምንድን ነው? የመጨረሻዋን አትናቁ። ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ የሚለቅ መዝናኛ አጠገብ ከሆናችሁ ስለ ቤቱ ውበት የሚያወራ ሰው አይኖርም።

የመጀመሪያው ቤት እጅግ ያምር ነበር፤ ከፎቶውም ይበልጥ። አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ስለዚህ ሐይቁን የሚያሳየው ቤት አፋፉ ላይ ነው፣ ወደ ውሃው የሚወስደውም ደረጃ ነው። ደረጃውን ወርጄ ስመለስ አረፍ ማለት ነበረብኝ፤ እማዬን አሰብኳት። ውሃው ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃል፤ አምስቱን ልጆች አሰብኳቸው። ሁለተኛው ቤት አጥሩ ከአንድ የሠርግ አዳራሽ ጋር ነው። ደላላው «በጾም ሠርግ የለም» አለኝ። ሌላውም ሰው ሁሉ የእኛን ጾም ይጾማል ብሎ ያሰበ ይመስላል።

ሦስተኛው ሐይቅ ዳር አልነበረም። አሮጌ ቪላ ነው፤ ሐይቁ በኋላው መስኮት በኩል በሁለት ጣሪያዎች መሐል ትንሽ ይታያል። ፎቶው ደላላው ዘንድ እንኳ አልነበረም። ግን አንድ ፎቅ ነው፣ ባለ አራት መኝታ፣ በረንዳው ዙሪያውን ጣሪያ አለው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል። ባለቤቷ ራሳቸው ከፈቱልኝ፤ ዕድሜያቸው ከእማዬ ጋር ይቀራረባል።

«ስንት ሰው ናችሁ ልጄ?»

አሥራ አራት አልኳቸው።

«አሥር ነው የምቀበለው። ስስት እንዳይመስልሽ። ሮቶው አንድ ነው፤ የመጸዳጃው ጉድጓድም የድሮ ነው። ባለፈው ዓመት ‹ስምንት ነን› ብለው ሃያ ሆነው መጡ፤ እነሱ ሄዱ፣ ሽታው ለእኔ ቀረ።»

ይሄን ስሰማ ድረ ገጹ ላይ ያለችው ቁጥር ሌላ ትርጉም ሰጠችኝ። እስከዚያ ድረስ ቤተሰብ የማያውቅ ሰው ያወጣት ክልከላ ትመስለኝ ነበር። ለካ የጉድጓድ ልክ ናት፣ የሮቶ ልክ ናት። ስለዚህ እውነቱን ዘረዘርኩላቸው፤ ከአሥራ አራቱ አምስቱ ልጆች ናቸው፣ ፍራሽ ይዘን እንመጣለን፣ አንድ ቦቴ ውሃ በራሳችን እናስሞላለን። «የሚያድሩት አሥራ አራት ናቸው፤ ቀን ግን ቡና ሊጠጣ የሚመጣ ዘመድ ሊኖር ይችላል» አልኩ። ጥቂት አሰቡና «አዳሪና ጠያቂ ለይተሽ ስለነገርሽኝ እሺ» አሉኝ። ሌላም ጥያቄ ነበረኝ። ያረፍንባቸው ቀናት መሐል ቡሄ ይውላል፤ ነሐሴ 12 ማታ ግቢው ውስጥ ችቦ ማብራት ይቻላል? የአሜሪካኖቹ ልጆች አይተው አያውቁም። ሾላውን ቀና ብለው አዩት። «ከዛፉ ራቅ አድርጋችሁ። እኔንም ጥሩኝ።»

ቀብዱን እዚያው ከፈልኩ። ውላችንን በአንድ ወረቀት ጻፍን፦ ቀኑ፣ የሰው ብዛት፣ ውሃው፣ እሳቱ፣ እህቴ በረራዋ ቢዘገይ ቀኑ እንደሚገፋ። ለእማዬ ስደውልላት ስለ መኝታው አልጠየቀችኝም፣ ስለ ዋጋውም። «ግቢው ዛፍ አለው?» አለችኝ። ሾላ አለው አልኳት። «እስቲ እንግዲህ» አለች። ይሄ በእማዬ ቋንቋ እሺ ማለት ነው።

ጀበናዋን፣ ረከቦቷን፣ ሰፌዷን፣ እንዲያውም መጥረጊያዋን ይዛ ሄደች። እንጀራው ከአዲስ አበባ ተጭኖ ሄደ። ሦስቱንም ቀን ዘነበ፤ በረንዳው ዋጋውን ከፈለ። ልጆቹ ሐይቁን ያዩት አንድ ጊዜ ነው፣ ከላይ ቆመው። ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈ፤ የአክስቴ ማንኮራፋት እንደ ድሮው ነው። በቡሄ ዋዜማ ዝናቡ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያባራ ችቦው በራ። በማግስቱ የሰፈሩ ልጆች በራችን ላይ ሲጨፍሩ የእህቴ ትንሹ ልጅ ግጥሙን ሳያውቅ ዱላውን እየመታ አብሯቸው ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። እናቱ ልትከተለው ስትነሳ እማዬ «ተይው፣ ዳቦ ይዞ ይመለሳል» አለቻት። ሙልሙል ታቅፎ ተመለሰ። እማዬ ደግሞ የራሷን ሙልሙል ጋግራ በአጥሩ በኩል ለጎረቤት ስታቀብል፣ ለዘበኛው ስትሰጥ፣ ባለቤቷን ቁጭ አድርጋ ስለ ጉልበት መድኃኒት ስትጨዋወት ዋለች።

በመጨረሻው ቀን ቤቱን ጠረገች። ለጽዳት ከፍለናል አልናት፤ አልሰማችንም። እህቴ መጥረጊያውን ልትቀበላት ሞከረች፤ በኋላ ራሷም መወልወያ ፈልጋ ጀመረች። ወንድሜ አልጋ ልብስ አጠፈ።

አሁን አራታችን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናስቀምጣለን፤ እህቴም የምታዋጣው እንደ እኛው በብር ተሰልቶ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ የጥያቄ ዝርዝሬን ለቤተሰቡ ግሩፕ ላክሁት፤ ያጎደልኩት ካለ ጨምሩ ብዬ። ወንድሜ የመኪና ማቆሚያ ጨመረ። እህቴ ዋይፋይ ጨመረች። እማዬ ስልክ ላይ መጻፍ ስለማትወድ ድምፅ ላከች፤ ከጀርባው የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ሰው ሲያልፍ ይሰማል።

«ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቂ» ትላለች።