«የሚያቅለሸልሸው» እንጉዳይ አገር

ከስቶክሆልም ማታ የተሳፈርኩበት ባቡር በማግስቱ ሰሜን ስዊድን፣ ሉሌዮ ከተማ አደረሰኝ። ከዚያ በመኪና ወደ ውስጥ ሲገቡ አገሩ ጫካ ብቻ ነው። ዛፉ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለው ፓይን፣ አፈሩ አሸዋ። በእኛ አገር የዛፍ ሽበትን የምናውቀው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው፤ እዚህ ዘመዱ መሬቱን እንደ ነጭ ምንጣፍ ሸፍኖታል። ሬንዲር የሚባሉት የሰሜን አጋዘኖች ይግጡታል።

«የጅብ ጥላ ነው፣ አትንኩ!» እየተባልን ላደግን ሰዎች እንጉዳይ ፍለጋ ጫካ መዞር እንግዳ ነገር ነው። ስዊድን ውስጥ ግን የሌላ ሰው ጫካ እንኳ ቢሆን ገብቶ መልቀም የተፈቀደ ነው። በነሐሴና በመስከረም ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም ቅርጫቱን ይዞ ይወጣል።

ይዞኝ የሄደው ጡረተኛ የደን ሠራተኛ ተንበርክኮ ሽበቱን ገለጥ አደረገና ቡናማ ቅርፊት ያለው ወፍራም እንጉዳይ አሳየኝ። አሸተትኩት፤ ቀረፋ ቀረፋ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1905 ኖርዌይ ላይ የወጣለት ሳይንሳዊ ስም ግን በላቲን «የሚያቅለሸልሽ» ማለት ነው! ጃፓኖች በበኩላቸው ማትሱታኬ፣ ማለትም «የፓይን እንጉዳይ» የሚሉት፣ በውድ ዋጋ የሚገዙትና ለክብር ሰው በስጦታ የሚያበረክቱት እንጉዳይ አላቸው። እሱም በ1925 የራሱን ሳይንሳዊ ስም አገኘ። የሁለቱን አንድነት በመልክ ብቻ መወሰን አስቸጋሪ ነበር፤ በሰሜን አሜሪካ የሚበቅሉት መሳዮቹም የተለዩ ዝርያዎች ናቸው። በመጨረሻ የስዊድን ተመራማሪዎች ዲኤንኤያቸውን አነጻጽረው የተናቀውና የተከበረው አንድ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ አደረጉ። በደንቡ ቀድሞ የወጣው ስም መጽናት ነበረበት። ደግነቱ የጃፓኑ ስም እንዲጸና ተወሰነ፤ «የሚያቅለሸልሽ» ተብሎ ምን ገበያ ሊወጣ ነው?

ከመሬት በላይ የምናየው ፍሬውን ነው። ዋናው አካሉ ከአፈሩ ሥር የተዘረጋ ቀጭን ነጭ ክር ሲሆን፣ በፓይኑ ሥር ጫፍ ላይ ይጠመጠምና ውኃ፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያቀብላል። ዛፉ በፋንታው ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይመግበዋል። ስለዚህ እንጉዳዩ ባልታየበት ዓመት እንኳ ከሥሩ ጫፍ ቆንጥሮ ዲኤንኤውን የሚመረምር ባለሙያ መኖሩን ማወቅ ይችላል።

ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ዛፉ ከተቆረጠ ክሩ መጋቢውን ያጣል። መንገዱን ተሻግረን ያየነው ሰፊ ቦታ ዛፉ አንድ ሳይቀር ወርዶ ጉቶ ብቻ ቀርቶበታል። በጃፓን ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ የገባ በዓይን የማይታይ ትል ፓይኑን ስለፈጀ ምርቱ አሽቆልቁሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 ማትሱታኬ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት ከተጋለጡት ጋር ሰፍሯል።

አዛውንቱ ሦስት እንጉዳይ ብቻ ለቀመ። የገለጠውን ሽበት እንደነበረ መልሶ አለበሰና የቦታውን ስም ጋዜጣ ላይ እንዳላወጣ ቃል አስገባኝ።