ቦራማ ቅርብ ነበረች

በሐርጌሳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ስንገናኝ የማናነሣበት ቀን የለም፤ «ቤተ ክርስቲያን የለንም» እንላለን። በእንግሊዞች ዘመን የተሠራው የቅዱስ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2017 ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ መልሶ መዘጋቱን እያወሳን እንቆዝማለን። ቅሬታው እውነት ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያለ ደወል፣ ያለ ካህን፣ በእስላም አገር መካከል ወንጌል እንዴት እንደሚኖር ያሳየች ሴት ሰባት ዓመት ጎረቤታችን ነበረች፤ እኛ ግን ዞር ብለን አላየናትም።

ይህች ሴት፣ አናሌና ቶኔሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በጣልያን አገር በፎርሊ ተወለደች። ሕግ ተምራ በ1969 ወደ ኬንያ መጣች። መነኩሲት አልነበረችም፤ የማንም ማኅበር ቀሚስ አልለበሰችም። ሐኪምም አልነበረችም። በዚያ በዋጂር ከተማ የሳንባ ነቀርሳ ዘላኖችን ሲፈጅ አየች። ዘላን መድኃኒቱን ሳይጨርስ ከብቱን ተከትሎ ስለሚሄድ በሽታው ያገረሽበታል። እሷ ጎጇቸውን ከሕክምናው ቦታ አጠገብ እንዲተክሉ አደረገችና በየቀኑ ዐይኗ እያየ መድኃኒቱን አስዋጠቻቸው፤ እስኪድኑ ለወራት አብራቸው ቆየች። ይህ አሠራር በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ላስፋፋው ሕክምና ፈር ከቀደዱት አንዱ ሆነ። በ1984 በኬንያዋ ዋጋላ የተጨፈጨፉ ሶማሌዎችን አስከሬን አንሥታ ግፉን በማጋለጧ ከኬንያ ተባረረች። ከዚያ ሶማሊያ ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ቦራማ ደረሰች።

ቦራማ ከሐርጌሳ በስተምዕራብ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ናት። እዚያ የነቀርሳ ሆስፒታል አቋቋመች፤ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ የዐይን ሐኪሞችን እያስመጣች ዕውራንን አስበራች፤ የሴት ልጅ ግርዛትን ተቃወመች። ቅዳሴ የምታገኘው የጅቡቲው ጳጳስ አልፎ አልፎ ሲመጡላት ብቻ ነበር።

ይህን የአናሌናን አኗኗር ቀድሞ ያሳየ አለ፤ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ1219 በመስቀል ጦርነት መካከል ግብፅ ወርዶ ሱልጣን አል ካሚልን ያለ መሣሪያ አነጋገረ። ከዚያም ወደ እስላሞች ለሚሄዱ ወንድሞቹ ያስተማረው፣ ሳይከራከሩ፣ ለሰው ሁሉ እየታዘዙ፣ ክርስቲያንነታቸውን ሳይደብቁ እንዲኖሩ ነው። ለባለትዳሩና ለሠራተኛውም በየቤቱ ሆኖ የሚከተለውን የምእመናን መንገድ ከፍቷል። አናሌና የፍራንቸስካውያን ማኅበር አባል ሳትሆን ያንን ትምህርት በቦራማ ኖረችው።

እኛስ? በዚያው ዘመን ግማሻችን በቦሳሶ አድርጎ የመን የሚሻገርበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። ግማሻችን በምግብ ቤት፣ በግንባታ፣ በሰው ቤት ሠራተኛነት ነበርን። አብሮን የሚያድር ልጅ ደም ሲያስል ፍራሹን ወደ በሩ እንገፋ ነበር። ቦራማ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው በእጇ የምታጎርስ ሴት ነበረች፤ ልጁን ይዘንላት አልሄድንም፤ ሄደን «ምን እናግዝሽ?» አላልናትም፤ አጠገቧ ቆመን እንኳ አልተማርንም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የናንሰንን ሽልማት ሰጣት። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 24 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ የፍራንቸስኮስ በዓል በዋለ ማግሥት፣ በሆስፒታሏ ግቢ በጥይት ተገደለች። ስሟን ብዙዎቻችን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። እናት ደጃፋችን ስትኖር ያላወቅናት፣ ስትሞት ዜና ሆና ደረሰችን። ከዚህ የከፋ ምን ቁጭት አለ!

ከሁሉ የሚያቃጥለው ግን ዛሬም መማር አለመጀመራችን ነው። የተዘጋውን በር እንደ ሰበብ ይዘናል። በሩ ቢከፈት ደስ ይለኛል፤ ይሁንና ለአሠሪዋ ታማኝ የሆነች የቤት ሠራተኛ፣ ደመወዙን ከታመመ ባልንጀራው ጋር የሚካፈል ግንበኛ፣ ለጎረቤቱ በረመዳን አፍጥር ውሃ የሚያቀብል ስደተኛ ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን ነው?

ወገኖቼ፣ አናሌናን መልሰን አናገኛትም። አጠገባችን የሚያስለውን ሰው ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ማድረስ እንችላለን። ይህንንም ካሳለፍነው የሚፈርድብን የገዛ ወንጌላችን ነው።