አሥር ሰዓት ዕረፍት

ገርጂ ያለው ቤታችን እንግዳ አጥቶ አያውቅም። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ክፍል ስለሠራ፣ ቦሌ ለሚያርፍ ዘመድ ሁሉ የመጀመሪያው ማረፊያ እኛ ነን። ከደሴ ለሕክምና የመጣ፣ ከባሕር ዳር ለቪዛ ቃለ መጠይቅ የመጣ፣ ከአሜሪካ ለሠርግ የመጣ ሁሉ እኛ ዘንድ ያድራል። ማኅበሩ፣ ክርስትናውና ለቅሶው ሳይቆጠር ማለት ነው። በዚህ እኮራለሁ፤ ከደጄ ሳይበላ የተመለሰ ሰው የለም። ሜሪላንድ ያለችው ልጃችን የጋብቻ በዓላችንን ምክንያት አድርጋ የካሪቢያን የመርከብ ጉዞ ስትገዛልን፣ ቀድሞ ከአፌ የወጣው «እዚያ ደግሞ ማነው የሚያበስለው?» የሚል ነበር። «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽማ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ባለቤቴ ነገሩን ሁሉ የሚለካው በአውሮፕላን ነው። ፍሎሪዳ ወደብ ላይ አንጋጦ መርከቧን ሲያይ ቆየና ያነበበውን ይነግረኝ ጀመር። የእኛዋ ከትልልቆቹ አንዷ ብትሆንም የምትበልጣት አለች። በጥር 2016 ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» 365 ሜትር ትረዝማለች፤ አምስት ቦይንግ 777-300 አፍንጫና ጭራ ገጥመው ቢሰለፉ የሚበልጧት በጥቂት ሜትር ብቻ ነው። 20 ፎቅ አላት፤ ስትሞላ 7,600 ያህል መንገደኛና 2,350 ሠራተኛ ትይዛለች። የእኛዋም ብትሆን ዛፍ የበቀለበት መናፈሻ፣ የበረዶ መንሸራተቻና ቲያትር ቤት በሆዷ ይዛለች። እሱን ያስደነቀው ግን ሌላ ነው። በጠዋት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከነሻንጣው ይወርዳል፣ ክፍሉ ሁሉ ይጸዳል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ምግቡ ይጫናል፣ ከዚያ ያንኑ የሚያህል ሰው ተሳፍሮ ከመምሸቱ በፊት መርከቧ ትንቀሳቀሳለች። «እኛ ሦስት መቶ ሰው አውርደን ሦስት መቶ ለመጫን እንኳ ወገባችን ይቆረጥ ነበር» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

እሱ እንደ ልጅ ሲቦርቅ እኔ መቀመጫ አጣሁ። ቡፌው ዳር እስከ ዳር ተደርድሯል፤ «በሞቴ» የሚል ግን የለም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ያነሳል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ባለቤቴ «መንገደኛ ነኝ» ብሎ ራሱን ፈታ፤ እኔ ጾሜን ያዝኩ። አንድ ሕንዳዊ ምግብ አብሳይ አትክልት ብቻ ስቆነጥር አይቶ ጠጋ አለና፣ ከሕንዶቹ ምግብ ጋር የሚቀርበውን ዳል አሳየኝ። የምስር ክካችን የቅርብ ዘመድ ነው፤ በርበሬው ብቻ ነው የጎደለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየኝ ቁጥር በጭልፋው ወደ ድስቱ ይጠቁመኛል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የሚያውቀኝ ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ክፍላችንን የሚያጸዳው ከፊሊፒንስ የመጣ ወጣት ነው። ቁርስ በልተን ስንመለስ አልጋው ተነጥፎ፣ ፎጣው በዝሆን ቅርጽ ተጠቅልሎ ይጠብቀናል። ልጄን የሚያህል ሰው መታጠቢያ ቤቴን ሲፈገፍግ ማየት ከበደኝ። ስለዚህ እሱ ከመምጣቱ በፊት በማለዳ ተነስቼ አልጋውን አነጥፋለሁ፣ መታጠቢያውን አጥባለሁ፣ የቆሸሸውን ፎጣ አጣጥፌ በር ላይ አኖራለሁ። ባለቤቴ «ገንዘብ ተከፍሎልሽ መጥተሽ ሠራተኛ ሆንሽ» እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ጠዋት ልጁ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ ፈክቶ አልነበረም። «እመቤቴ፣ ያስቀየምኩዎ ነገር አለ?» አለኝ። ኧረ የለም፣ ልረዳህ ብዬ ነው አልኩት። እያፈረ አስረዳኝ፦ አለቃው ተዘዋውሮ ክፍሎቹን ሲያይ እንግዳዋ ራሷ ስታነጥፍ ካገኘ፣ እሱ ሥራውን ያልሠራ ይመስላል። «በጎ ሊያደርጉልኝ ከፈለጉ፣ በመጨረሻው ቀን አስተያየት መስጫው ላይ ስሜን ይጻፉልኝ» አለ። ከዚያ ዝሆኑን መጠቅለል ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አልጋ ማንጠፌ ያቀለለው የራሴን ጭንቀት እንጂ የእሱን ሥራ አልነበረም። የሚሻውን አልጠየቅሁትም፤ ደስ ያለኝን ሰጠሁት። በዚያው ጠየቅሁት፦ መቼ ነው የምትተኛው? ኮንትራቱ የወራት ነው፤ በእነዚያ ወራት ሙሉ የዕረፍት ቀን የሚባል የለም፤ ሴት ልጁን የሚያያት በስልክ ነው። ቀጥሎ ግን «ሰዓቴ ይመዘገባል፤ እኔም እፈርምበታለሁ» አለኝ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው አልገረመውም። አብራሪ ሕግ ከፈቀደለት ሰዓት ካለፈ በረራው ይቀራል እንጂ እሱ አይነሳም፤ የባሕሩም እንደዚያው መሆን አለበት ብሎ ስልኩን አወጣ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የጸደቀ፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አለ። መርከበኛ በየ24 ሰዓቱ ከ10 ሰዓት ያላነሰ፣ በሳምንት ደግሞ ከ77 ሰዓት ያላነሰ ማረፍ አለበት። ዕረፍቱ ከሁለት በላይ መከፈል የለበትም፤ አንዱ ክፍል ቢያንስ 6 ሰዓት መሆን አለበት። ሕጉ የሚያስመሰግን ደግነት የለበትም። በቀን እስከ 14 ሰዓት ማሠራትን ይፈቅዳል፤ የቅንጦት ጉዞው ሁሉ የቆመው በእነዚህ ልጆች ድካም ላይ ነው። ይሁንና ከ14ኛው ሰዓት በኋላ አለቃውም እንግዳውም የማያልፉት መስመር አለ።

በማግሥቱ ጃማይካ ፋልማውዝ ወረድን። እኔ የምኖርበት ሰፈር በቦብ ማርሊ ስም አደባባይ የተሰየመበት ስለሆነ፣ አገሩን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። የታክሲ ሾፌሩ ጸጉሩ የሸበተ ራስታ ነው፤ ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰማ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደና ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳን። እናቱ በሚያዝያ 13 ቀን 1958 ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ጃንሆይን ሊቀበል ከወጣው ሕዝብ መሐል ነበረች። ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን እንደከበበና ጃንሆይ መውረድ አቅቷቸው እንደቆዩ፣ በመጨረሻ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስታዎች መሪ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን እንዳረጋጋ፣ እሱ ራሱ የነበረበት ያህል ተረከልን። ከተማውን አዙሮ ሲያሳየን ውሎ ገንዘባችንን አልነካም አለ። «ከኢትዮጵያ ሰው?» አለና እጁን አርገበገበ።

እኔም በተራዬ ራስታዎቹን እኛም እንደምንወዳቸው ነገርኩት፤ ጥር 1997 መስቀል አደባባይ የቦብ ማርሊን 60ኛ ዓመት ልደት እንዴት እንዳከበርን ጭምር። አዳመጠኝና ሻሸመኔ ስለሚኖር ዘመዱ አነሳ። ጃንሆይ ለዳያስፖራው ጥቁር ሕዝብ የሰጡት መሬት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ አብዛኛው ተወስዶ፣ ሰውየው እዚያው አርጅቶ፣ እዚያው ልጅ ወልዶ፣ ሕጋዊ መታወቂያ ሳይኖረው ዓመታት ኖረ። ለራስታዎቹ መታወቂያ መስጠት የተጀመረው በ2009 ነው። «ፍቅራችሁን ተጠራጥሬ አላውቅም» አለኝ ሾፌሩ፤ «ዘመዴ ግን ባንክ ቤት ሲሄድ የሚጠይቁት ፍቅር አልነበረም፤ ወረቀት ነበር።»

ያን ምሽት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ በረንዳው ላይ ሆኜ የወጥ ቤቴን ሰዓት ቆጠርኩ።

የቤት ሠራተኛችንን ስም አልጽፍም፤ አላስፈቀድኳትም። ከጎጃም መጥታ ቤታችን ከገባች ቆየች። ሰው ሲጠይቀኝ «እንደ ልጄ ነው የማያት» እላለሁ፤ ከልቤም ነው። እንግዳ ባለበት ሰሞን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ምጣዱን ታሰማለች፣ ቁርስ ታደርሳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ምሳ ታቀርባለች፣ ታጥባለች፣ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ታፈላለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ደግሞ ታጥባለች። ከደሴ የመጣው እንግዳ ዜና ሰምቶ እስኪተኛ ትጠብቃለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት። አሥራ ሰባት ሰዓት ሥራ፣ ሰባት ሰዓት ዕረፍት። ቡና ስታፈላ ተቀምጣ የለም ወይ የሚል ይኖራል፤ ስኒ እያጠበ፣ ፍም እያራገበ፣ ጨዋታ ሳይካፈል የሚቀመጥ ሰው ዐርፏል ማለት ይከብዳል። የዓለም ንግድ ያመጣው፣ ለመርከበኛ እንኳ ሰፊ የሚባል የሥራ ገደብ 14 ሰዓት ነው። የእኔ ቤት በሦስት ሰዓት አልፎታል፤ ያውም «እንደ ልጄ» እየተባለ። የወለድኳት ልጄ በእሷ ዕድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ትተኛ ነበር።

ከቦሌ ስንነሳ ከፊታችን የነበሩትን ልጆች አስታወስኩ፤ አንድ ዓይነት ሻርፕ ለብሰው፣ ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ወጣት ሴቶች። «ዕረፍት የማትሰጥ እመቤት አትጣልባቸው» ብዬ ጸልዬላቸው ነበር። ለቤሩትና ለሪያድ እመቤቶች የምመኘውን ሕግ ገርጂ ላለችው እመቤት አስቤው አላውቅም።

ከተመለስን በኋላ ባለቤቴ አንድ ወረቀት አዘጋጀ፤ እንደ ጥገና ክፍሉ የፈረቃ ሰሌዳ በመስመር የተከፋፈለ። ወጥ ቤቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የተራበ ሰው፣ እንግዳም ቢሆን፣ ያሞቃል ይበላል። እሁድ ሙሉ ቀኗ ነው፤ የት እንደምትሄድ አይጠየቅም። ለበዓል የተሠራ ተጨማሪ ሰዓት ከበዓሉ ማግሥት ይካካሳል። ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ልጅቷ ቆማ አነበበችውና ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ ሊያሰናብቱኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። የመርከቡ ልጅ በር ላይ ቆሞ የጠየቀኝ ጥያቄ በሌላ አፍ መጣ። ሥራ ሲቀነስ ያየ ድሃ ቀጥሎ የሚቀነሰው እሱ ራሱ እንደሆነ ያውቃል። ደመወዟ እንደማይነካ በወረቀቱ ግርጌ ጽፈን፣ ሦስታችንም ፈርመን ነው ያመነችን።

ነገሩ እንደ ወረቀቱ ቀጥ ብሎ አልሄደም። አክስቴ ወጧን ራሷ እንድታሞቅ ሲነገራት «አሜሪካ ደርሳ መጥታ እንግዳ መቀበል ረሳች» ብላ ለዘመድ አዝማድ አዳረሰች። የማኅበር ጓደኞቼ ባለቤቴ ሰሐን ሲያጥብ አይተው ተጠቃቀሱ። ለፋሲካ ዋዜማ ከዶሮው ጋር ስንታገል ሰሌዳው ተረሳ፤ እኩለ ሌሊት አለፈ። ያን ጊዜ ያዳነን የእኔ ርኅራኄ አይደለም፤ እኔ በዚያ ሌሊት የማስበው ስለ ዶሮው ብቻ ነበር። ማግሥቱን «እትዬ፣ የሰኞው ቀን የእኔ ነው» ብላ ወረቀቱን በጣቷ ያሳየችኝ እሷ ናት። ከዚያ በፊት ለምና እንጂ ጠይቃ አታውቅም ነበር። አሁን ሰሚት አካባቢ የማታ ትምህርት ጀምራለች፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች፤ የቀረውን ሰሐን የምናጥበው እኔና ባለቤቴ ነን። ጋብቻችንን ለማክበር በሄድንበት መርከብ ላይ ካወራነው ይልቅ በዚያ መታጠቢያ ዙሪያ የምናወራው ይበዛል።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በቀን 8፣ በሳምንት 48 የሥራ ሰዓትና በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት ይደነግጋል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር፣ ማለትም የቤት ሠራተኛ፣ ግን ከአዋጁ ውጭ ነው። ስለዚህ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ከየቪላውና ከየኮንዶሚኒየሙ ጀርባ የሚሠራው ሰው ዕረፍት በአሠሪው ጠባይ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኔ ደህና ጠባይ አለኝ ብዬ አምናለሁ፤ በደህናው ጠባዬ ነው አሥራ ሰባት ሰዓት የተሠራው። ጠባይ እንግዳ ሲበዛ ይረሳል፣ በዓል ሲመጣ ይረሳል፣ ሰው ሲደክመው ይረሳል። የተጻፈ ሰዓት ግን ባለመብቱ ራሱ ያስታውሰዋል።

«የኔዋ እንኳ እንደ ልጄ ናት» የምትል እህት ካለች አልከራከራትም። ዛሬ ማታ ወጥ ቤትሽ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደበራ ብቻ ጻፊ። በመሐሉ አሥር ሰዓት ከሌለ፣ ከመርከብ ያነሰ ቤት ይዘሻል።