ከጉለሌ እስከ ዓባይ በረሃ በሞተር ሳይክል

ጉለሌን የሚያውቅ ሰው ስለ ሙቀት የሚያወራ ጽሑፍ ከዚህ ሰፈር ሲነሳ ሳይገረም አይቀርም። ጉለሌ የእንጦጦን ግርጌ ተጠግቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት፣ በክረምት ከጭጋጉ የተነሳ ባሕር ዛፉ የማይታይበት ደጋ ነው። ሙቀት በሚበረታባቸው በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ወራት እንኳ የቀትሩ ሙቀት ከ25 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ታዲያ እዚህ ሰፈር ሞተር ሳይክል የሚነዳ ወጣት ሙቀት ምን ያደርገዋል? ይባል ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጉለሌ ፀሐይ ሳታስታውቅ የምታቃጥል ፀሐይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ብዙ ሳይጣራ ይወርዳል፤ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር የዘርፉ ባለሙያዎች ይናገራሉ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ይህ ሲሰማው ጥላ ይፈልጋል። ሞተር ላይ ያለው ግን ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘው አይሰማውም። ከአዲሱ ገበያ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ቀጨኔ ሲመላለስ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ እጁና አንገቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ራሱን ይዞ ይተኛል። እናቱ "ብርድ መታው" ብላ ጤና አዳም ታሸተዋለች። የመታው ብርድ አልነበረም።

ሙቀትን በእውነተኛ መልኩ ለማየት ግን እንጦጦን መሻገር ያስፈልጋል። በሚያዝያ ወር አጋማሽ በ2011 ዓ.ም.፣ ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ደጀን ላይ የታመመ የአንድ ባልንጀራችንን አጎት ለመጠየቅ አራት ሆነን በሦስት ሞተር ተነሳን። ከዚያ ወዲህ በጎጃም መንገድ ላይ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ዛሬ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቆ ያረጋግጥ። ያን ጊዜ ግን መንገዱ ክፍት ነበር፤ እኛም ሱብሕ ሰግደን ከአዲሱ ገበያ ሽቅቡን ጀመርን።

ይህ ሽቅብ አጭር ቢሆንም ለሞተር ከባድ ነው። በዚህ ከፍታ አንድ ባለ ካርቡሬተር ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ የሚቃጠለው ቤንዚን በቂ አየር አያገኝምና። ትንንሾቹ ባለ 125 እና ባለ 150 ሞተሮች ደግሞ ውኃ የላቸውም፤ የሚያቀዘቅዛቸው ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ጭኖ፣ ከተጫነ አይሱዙ ጀርባ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ መውጣት ሞተሩን ማጋል ነው፤ ነፋሱ ቀነሰ፣ ድካሙ ጨመረ። ከእኛ መካከል መካኒክነት የሚሞክረው ባልንጀራችን አናቱ ላይ ስንደርስ ሁላችንንም አስቁሞ ሞተሮቹ አሥር ደቂቃ እንዲያርፉ አደረገ። እኛም ቁልቁል ከተማዋን አየናት፤ ጉለሌ ከእግራችን ሥር በጭስና በባሕር ዛፍ ተሸፍና ነበር።

ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን ስለማለፋችን ብዙ የምንለው የለም። ሜዳው ሰፊ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ፍቼ ቁርስ በላን። በመካከሉ የአንዱ ሞተር ጎማ ተንፍሶ ጠጋኝ ስንፈልግ ስለቆየን፣ ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ሰዓቱ ወደ ስድስት ተጠግቶ ነበር።

ከጎሐ ጽዮን መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይዘቀዘቃል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ያህል ነው። አየር አንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ከስድስት እስከ ሰባት ዲግሪ ይሞቃልና፣ ከላይ ጃኬት አስለብሶ የሚያስነዳው አየር ታች ሲደርስ ዘጠኝና አሥር ዲግሪ ጨምሮ ይጠብቃል። ቋጥኙና አስፋልቱ የሚመልሱት ሙቀት ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል። ጎሐ ጽዮን ላይ ፊትን የሚያበርደው ነፋስ አምስት ኪሎ ሜትር ሳይወረድ ለብ ይላል፤ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ እንጀራ የወጣለት ምጣድ ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመታው ትኩሳት ይሆናል።

እዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ ብቻ ተማምኖ መውረድ አይቻልም። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ይግላል፤ ሲግል ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ ከባድ መኪና ፊት ለፊት እየመጣ ይሆናል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ እያደረጉ፣ ፍሬኑን እየጨበጡ እየለቀቁ መውረድ ነው ያለው። አስፋልቱም ተንኮለኛ ነው፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አንዳንዱ ቦታ ላይ እንደ ማዕበል ታጥፏል። ዝንጀሮዎቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ይመለከታሉ፤ እነርሱስ ጥላ አላቸው።

ከእኛ በዕድሜ ትንሹ፣ ሰፈራችን ጉለሌ ያደገ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ጃኬቱን አወለቀ። በካናቴራ ቀረ። "ነፋሱ ያቀዘቅዘኛል" አለ። ለጉለሌ ልጅ ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ ነፋስ አብርዶት እንጂ አሙቆት አያውቅም። ዓባይ በረሃ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ በታች ሲሆን ነፋስ ከሰውነት ላይ ሙቀት ወስዶ ይሄዳል። አየሩ ከዚያ ሲበልጥ ግን ነፋሱ ሙቀት አምጥቶ ያራግፋል፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚያመጣው ይጨምራል። ያን ጊዜ ሰውነትን የሚያድነው ላብ ብቻ ነው፤ እርቃኑን ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ላቡ ገና ከመውጣቱ በነፋስ ይነጠቃል። ነጂው እንዳላበው እንኳ ሳያውቅ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ውኃ ሊያጣ ይችላል።

ድልድዩን ተሻገርን። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ አሮጌው ከጎኑ ቆሟል። ዓባይ በሚያዝያ ቀጥኖ ከሥር ይፈሳል። ውበቱን ለማየት ልብ ያለው ከእኛ መካከል አልነበረም።

ወደ ደጀን ሽቅብ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ያ ወጣት ከፊታችን መንገድ ማቋረጥ ጀመረ። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ። ጥሩንባ ነፍተን አስቆምነው። "ምን ሆንክ?" ስንለው "ፍቼ ደረስን እንዴ?" ብሎ መለሰ። ፍቼን ካለፍን ሰዓታት ሆኖን ነበር። ፊቱ ነጭቷል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል።

ትንሽ ጥላ ከምትሰጥ ግራር ሥር አስተኛነው። የያዝነው ውኃ በፀሐይ ሞቆ ሻይ ሊፈላበት የተዘጋጀ ይመስል ነበር። አላህ ሲያግዝ አንድ ተሳቢ መኪና ከኋላችን ቆመ። ሾፌሩ ሽበት የጣለባቸው አባት ነበሩ፤ ለዓመታት የጅቡቲን መስመር የሠሩ። ረዳታቸውን ጠርተው በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጄሪካን አስወረዱ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር! በረዶ አልነካውም፤ ጆንያው እየደረቀ ነው ያቀዘቀዘው።

"ልጆቼ፣ ይህን ልጅ ማን ልብሱን አስወለቀው?" አሉ። ማንም አልመለሰም። "አፋሩን አላያችሁትም? ሱማሌውን አላያችሁትም? በረሃ ላይ ያለ ሰው ይለብሳል እንጂ አያወልቅም።" ካናቴራውን አስነክረው መልሰው አለበሱት፤ ነጠላ ነገር እንዳለን ጠየቁ። ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ፎጣ ነበረን። እርሱንም ነክረው አንገቱ ላይ ጠመጠሙለት። ከዚያ በሶ አስበጥብጠው፣ ቆንጠር ጨው ጨምረው፣ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀና ብሎ ተቀመጠና አጎቱ ዘንድ ስንት ሰዓት እንደምንደርስ ጠየቀ። አልሐምዱሊላህ አልን።

የአባታችን ሙያ የቆየ ሙያ ነው፤ ለጉለሌም እንግዳ አይደለም። የቀጨኔ ሴቶች የሚሠሩት እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ሸክላው ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ ያልባል፤ ያ ሲተን ከእንስራው ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የጥጥ ፎጣም ቢነከር ያንኑ ያደርጋል። ሞተረኛውም ላቡን እንደ እንስራው ቀስ ብሎ እንዲያወጣ የሚያደርገው ከላይ የሚደረብ፣ እጅጌው ረጅም፣ ሰፋ ያለ ልብስ ነው። ከሥር የተነከረ ካናቴራ፣ ከላይ በጥቂቱ የተከፈተ ጃኬት፤ እንዲህ የለበሰ ሰው ርጥበቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይለታል። ጃኬቱ ቢወድቅም ቆዳውን ያድንለታል፤ ይህን መቼም ማስታወስ አያስፈልግም።

ውኃ ሳይጠማ መጠጣት፣ በየሰዓቱ ቆም ማለት፣ ጎማን ጠዋት ሳይሞቅ መለካት (በሙቀት የተነፋ መስሎ ሲታይ ማስተንፈስ ማታ ጎማውን ያጎድለዋል)። አንድ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ግን የበሶ ጊዜ አልፏል፤ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ፣ መላ አካሉን ውኃ እያፈሰሱና እያራገቡ ወደ ሐኪም ማሮጥ ነው።

ዙሁርን ሙቀት ሲበረታ እስኪበርድ ማዘግየት በሐዲስ የታወቀ መሆኑን ብዙዎቻችን በደርስ ሰምተናል። ግራሩ ሥር ሆነን ትርጉሙ ገባን። ዙሁርና ዐስርን እንደ መንገደኛ አሳጥረንና አጣምረን ሰግደን፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ደጀን ገባን። አጎትየው ከእኛ ይልቅ ደህና ነበሩ።

ያ ጉዞ ካለፈ ሁለት ወር ተኩል ያህል በኋላ፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክል በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ አገደ፤ ፈቃድ ያላቸው ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ዛሬ በጉለሌ ዳገቶች ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ዕቃና ምግብ አድራሽ ወጣቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት የእኛው ልጆች ናቸው። ረመዷን ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየመጣ ከበጋው ፀሐይ ጋር ገጥሟል፤ በ2017 ዓ.ም. የገባው የካቲት 22 ቀን ነበር። መንገደኛ ጾሙን ፈትቶ ሌላ ቀን እንዲከፍል የተፈቀደለት መሆኑ ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ በከተማ ውስጥ የሚመላለስ አድራሽ መንገደኛ ይባል እንደሆነ ግን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን፤ ወጣቶቹም ቢጠይቋቸው መልካም ነው።

እኛን የሚያሳስበን ከመግሪብ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት። ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ቴምሩ፣ ሁሉም በዚያች ሰዓት ይታዘዛል። ልጁ ከሱሑር ወዲህ ውኃ አልቀመሰም፤ ፀሐይዋ አይኑ ላይ ናት፤ መንገዱ ለኢፍጣር በሚሮጥ መኪና ተጨናንቋል፤ ስልኩ ደግሞ "የት ደረስክ?" እያለ ይጮኻል። ያን ሰዓት ነው ማርሽ የሚሳሳት። ትዕዛዙን ከዐስር በፊት መስጠት ለአንድ ቤተሰብ ምን ይከብደዋል?

በሰፈራችን አንዲት እናት ረመዷን በገባ ቁጥር ከግቢያቸው በር አጠገብ አንዲት የቀጨኔ እንስራና በሳህን የተከደነ ቴምር ያስቀምጣሉ። ዕቃውን ያመጣው ልጅ ሄልሜቱን ያወልቃል፣ ቴምሯን በእጁ ይይዛል፣ አዛኑ እስኪሰማ ግንቡን ተደግፎ ይቆማል።