ልጃችን ስለ ታጨችበት ስለ ብራዚል አገር

የመጀመሪያ ልጃችን የእርሻ ትምህርት ለመማር ወደ ብራዚል ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ጥር ወር፥ ባሂያ ከሚባለው ክፍል የተወለደ አንድ ወጣት ሊያገባት እንደሚፈልግ፥ ወላጆቹም እኛን ለማየት እንደ ናፈቁ ገልጣ ጻፈችልን። እኔና እናቷም በሚመጣው ሐምሌ ለመሄድ ቈርጠናል። የቤተ ዘመድ ሽማግሎቻችን ግን፥ ይልቁንም አጎቴ፥ እንደ ልማዳችን የልጁ ሰባት ቤት ሳይቈጠር ነገሩ እንዳይፈጸም አዘዙ። ከባሂያ ሰው ጋራ የሥጋ ዝምድና ይገኝብናል ብሎ የሚፈራ በመካከላችን የለም፤ ቈጠራው የተፈለገው ልጃችንን የምንሰጠው ለማን እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና፥ ነገርን ከመዝገብ መፈለግም የዕለት ሥራዬ ስለ ሆነ፥ አገሩንና ቤተ ሰቡን አስቀድሞ መመርመር ለእኔ ተሰጠ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የብራዚል ስፋት 8.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከአገራችን ስፋት ሰባት እጥፍ ይበልጣል። በ2022 በተደረገው ቈጠራ ሕዝቡ 203 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል የሰፋ አገር በአንድ ቃል «ሞቃት ነው» ተብሎ አይጠቀለልም። በአማዞን ወንዝ አጠገብ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ዝናም ሲያይ፥ በደቡብ ያለው ግን በሐምሌ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ያያል። ባለቤቴ ነጠላ ብቻ አዘጋጅታ ነበርና፥ ሳን ፓውሎ ላይ የሐምሌ ሌሊት ብርድ መሆኑን ስነግራት ሁለት ጋቢ ጨመረች።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የሰዓቱ ነገር ነው። የሳን ፓውሎና የባሂያ ሰዓት ከአዲስ አበባው በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የእኛ የሰዓት አቈጣጠርም ከአውሮፓው የሚለየው በዚያው በ6 ነው። ስለዚህ በእኛ ቀትር 6 ሰዓት ሲሆን፥ በእነርሱ ገና ማለዳ ቢሆንም ሰዓታቸው የሚያሳየው ያንኑ 6 ነው። በአገራችን ልማድ የተሞላ የእጅ ሰዓት ውቅያኖሱን ተሻግሮ ምንም ሳይነካ ትክክል ይሆናል ማለት ነው። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው «እንግዲያስ ሩቅ አይደለም» አሉኝ።

ምግባቸው በየዕለቱ ሩዝና ባቄላ የሚመስል አደንጓሬ ነው፤ ከካሳቫ ሥር የተፈጨ ዱቄትም ይነሰነስበታል። ይህ ለጾም ደግ ነው። ፌዥዋዳ የሚሉት የተከበረ ወጣቸው ግን በጥቁር አደንጓሬ ውስጥ የዓሣማ ሥጋ የተቀቀለበት ነው፤ በሳን ፓውሎም የምግብ ቤቶች ልማድ የሚቀርበው ቅዳሜና ረቡዕ ነው። ከቀን ሁሉ ረቡዕን መምረጣቸው ባለቤቴን አሳዘናት።

ቋንቋቸው ፖርቱጊዝ ነው። በ1541 ክርስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደር ይዞ አፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ወደ እኛ የመጣው፥ ከዚያም በፊት በ1500 በብራዚል ዳርቻ የደረሰው፥ ያው የፖርቱጋል ሕዝብ ነው። ወደ እኛ የመጣው በእርዳታ ነበር፤ ወደዚያ ግን ለመግዛት ሄዶ እስከ 1822 ገዛ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከልጁ እናት ጋራ ልጃችን እያስተረጐመች በስልክ ተነጋገርን። ከልጃቸው ጀምረው በሴቶቹ በኩል እስከ አራተኛው ቤት ያለ ችግር ቈጠሩልኝ። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። አራተኛይቱ ሴት በነጻነት የተወለደች ናት፤ የእርስዋ እናት ግን ባሪያ ነበረች።

በባሪያ ንግድ ዘመን ከአፍሪካ ተወስደው ብራዚል የወረዱት ሰዎች ከ4 ሚሊዮን በላይ ናቸው። እስከ 1763 የአገሩ ዋና ከተማ የነበረችው ሳልቫዶር፥ የልጁ ከተማ፥ ከታላላቆቹ ማራገፊያዎች አንዲቱ ነበረች። በ1727 ብራዚል የገባው፥ ዘሩ ከእኛ ደን የወጣው ቡና፥ በ19ኛው መቶ ዓመት በሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ ተራሮች የተስፋፋው በእነዚህ ሰዎች ጕልበት ነው። ባርነት የተሻረው ልዕልት ኢዛቤል በግንቦት 13 ቀን 1888 የወርቅ ሕግ የተባለውን በፈረመች ጊዜ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1890 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሩይ ባርቦዛ በመንግሥት መዝገብ ቤቶች ያለው የባርነት ጽሑፍ እንዲቃጠል አዘዘ። የባሪያ ጌቶች ካሣ እንዳይጠይቁበት ነው የሚሉ አሉ፤ ምክንያቱ ደግ ሊሆን ይችላል። ሃያ ዓመት በመዝገብ መካከል ለኖረ ሰው ግን ይህን ማንበብ ቀላል አይደለም። ጌታው የሚከስበት ወረቀት ሲነድ፥ የልጅ ልጅ እናቱን የሚፈልግበትም ወረቀት አብሮ ነደደ።

ይህን ይዤ ወደ ሽማግሎቹ መግባት አስጨነቀኝ። በእኛም አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ ሰባት ቤት መቍጠርም ዝምድናን ለመለየት ብቻ ሳይሆን «የማን ዘር ነው» ብሎ ሰውን ለማዋረድ ያገለገለበት ጊዜ እንደ ነበር ሽምግልና የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። አንድ ዘመዳችን ዝም ብዬ ሰባት ስም እንዳሟላ መከረኝ፤ ባሂያ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ የለምና። ያልተገኘውን ስም እንደ ተገኘ አድርጎ መጻፍ ግን በእኔ ሙያ ስሙ ሌላ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም እንዳለ አነበብሁላቸው። አጎቴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም መዝገቡ ሁሉ ተቃጥሎ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ሁሉ አልተቃጠለም፤ በየአጥቢያው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባሮች ሲጠመቁ ስማቸው የተጻፈበት መዝገብ በብዙ ስፍራ ተርፏል አልኋቸው። «እንግዲያስ የምትጽፍበትን ታውቃለህ» አሉና የዘመዶቻችን ስም የሰፈረበትን ዳዊታቸውን አስመጡ። የአራቱን ስም ደግሜ እንድነግራቸው አዝዘው በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ከበታቹም የሦስት መሥመር ቦታ ተዉ።

ደብዳቤውን ልጃችን በፖርቱጊዝ ገልብጣ ወደ ሳልቫዶር ልካዋለች። መልሱ እስካሁን አልመጣም። እኛ ግን የቢጫ ወባ ክትባታችንን ተከትበናል።