ጭቃ የነካው ጢም

ጢሜን መላጨት ካቆምኩ በሦስተኛው ሳምንት የሰፈራችን ባለሱቅ ስኳር እየመዘነልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ሞተብህ?» አለኝ። ማንም እንዳልሞተብኝ ስነግረው ፊቱ በራ። «ተመስገን» አለና ሚዛኑ ላይ ትንሽ ጨመረልኝ። በዚያው ሳምንት ይህንኑ ጥያቄ አራት ሰው ጠየቀኝ። እኛ ዘንድ የወንድ ጢም ሳይላጭ ሲቆይ መጀመሪያ የሚያወራው ሐዘን ነው። ሐዘንተኛ ምላጭ አይነካም፤ ጎረቤትም ከሩቅ አይቶት ሰላምታውን ያለዝባል። ፊት ላይ የበቀለ ጥቂት ፀጉር ሰውን ይህን ያህል እንደሚያራራ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

የእኔ ምክንያት ቤት ነው። ከጉርምስናዬ ጀምሮ ቅዳሜ ማታ እላጫለሁ፤ አባቴም ለእሑድ የሚዘጋጀው እንዲያ ነበር። ዘንድሮ ሰኔ መጨረሻ ላይ በሰፈራችን የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ሲጀመር፣ ዘምማ አንድ ወገኗ መሬት ሊነካ የደረሰች የአንዲት እናት ቤት ለእኛ ቡድን ደረሰች። አፍርሰን እንሠራታለን ተባባልን። ቅዳሜን ሙሉ እንጨትና ጭቃ ውስጥ ውዬ ስገባ አቅሜ ገላዬን ከመታጠብ አያልፍም። አንድ ቅዳሜ አለፈ፤ ሁለተኛውም። እሑድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ምላጩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። የእማማ ቤት ጣሪያ ሳይከደን የእኔ ፊት ተስተካክሎ ማማሩ ልክ አልመሰለኝም።

ጭቃ ቤት መጀመሪያ ቆቡን፣ ከዚያ ልብሱን የሚለብስ ነገር ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ ወራጁ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ይከደናል፤ ግድግዳው ግን ገና ወንፊት ነው። እናታችን ቆርቆሮው በተመታበት ቀን ሃያዋን ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ቀጥሎ በማገሩ መሀል ወደ ውስጥ ገብተው ቡናቸውን አፈሉ። ግድግዳ በሌለው ቤት ውስጥ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን «ኑ ቡና ጠጡ» ሲሉ ሳይ፣ ቤት የሚጀምረው ከጣሪያው እንደሆነ ገባኝ።

ክረምት ለጭቃ ሥራ አይመችም፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ተማሪዎች የሚያርፉት፣ ጉልበት የሚገኘው ግን በክረምት ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ እንጨቱንና ጣሪያውን ጨረስን፤ ምርጊቱ መስከረምን ጠበቀ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሃያ አንድ የነበርነው ስድስት ቀረን። በሄዱት ማንም ቅር አላለውም፤ ከባዱን ተሸክመው ነው የሄዱት።

ቀይ አፈር ተቆልሎ፣ የጤፍ ጭድ ተነስንሶበት፣ ውኃ እየጠጣ እየተረገጠ ቢያንስ ሳምንት ይቆያል። ሲብላላ ይሸታል፤ ሽታው ሲለወጥ መራጊው በጣቱ አንስቶ ያሸውና «ደርሷል» ወይም «ቆይ» ይላል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። እኔ ደንግጬ ነበር፤ መራጊው ግን ሳቀና ሁለተኛው ምርጊት የሚይዘው በስንጥቁ ነው አለኝ። እርሱም ሲደርቅ ልስኑ ይመጣል። አንዱንም ማስቸኮል አይቻልም። ጢምም በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ማንም ቢሆን ሊያፋጥነው አይችልም። ዳዊትም ንጉሥ ሆኖ አልቻለም። የአሞን ንጉሥ ሲሞት ልጁን ሐኖንን እንዲያጽናኑ መልእክተኞች ላከ፤ ሐኖን ግን ሰላዮች ናቸው ብሎ ጢማቸውን ግማሽ ላጨ፣ ልብሳቸውንም እስከ ወገባቸው ቆረጠ። ሐዘን ሊደርሱ ሄደው ተዋርደው ተመለሱ። ዳዊት ጢማችሁ እስኪያድግ በኢያሪኮ ቆዩ አላቸው። ከዚያ ወዲያ የተነሣውን ጦርነት ብዙ ሰባኪ ይተርከዋል። እኔን የሚይዘኝ ያ የኢያሪኮ ቆይታ ነው። ጠዋት ጠዋት አገጫቸውን እየዳሰሱ የሚጠብቁ ሰዎች ይታዩኛል።

የእናታችን የንስሐ አባት፣ መምሬ፣ የመጡት በሁለተኛው ምርጊት ቀን ነው። ሊባርኩ መጥተው የሚሄዱ መስሎን ነበር። ጋቢያቸውን አጥፈው ለእናታችን ሰጡ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡና ጭቃው ውስጥ ገቡ። አረጋገጣቸው የለመደ ሰው አረጋገጥ ነው፤ ተረከዛቸውን እያስቀደሙ ከዳር ወደ መሀል ይመጣሉ። አንዴ ጭቃ ፈንጥቆ ነጩ ጢማቸው ላይ ቀረ። ሳይጠርጉት ወንድሞች አብረው ሲቀመጡ መልካም ስለመሆኑ፣ በአሮን ጢም ላይ ስለሚወርደውም ሽቱ የሚናገረውን መዝሙር በግእዝ አነበነቡት። እርሳቸው 132ኛው ይሉታል፤ በእኔ መጽሐፍ ቅዱስ 133ኛው ነው። ቁጥሩ ይለያይ እንጂ ጢሙም ወንድማማችነቱም አንድ ነው። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሠሪዎች ሲዘረዝር ከሁሉ በፊት የጻፈው ሊቀ ካህናቱን ኤልያሴብን ነው፤ ከወንድሞቹ ካህናት ጋር ተነሥቶ የበጎችን በር ሠራ። ይህን ለመምሬ ነገርኳቸው። እርሳቸውም ወዲያው «ቀደሱትም፤ እሱን አትተው» ብለው አረሙኝ።

ለቡና ስንቀመጥ «አገልጋይ ነህ አሉ?» አሉኝ። «አዎን አባቴ፣ የትርፍ ሰዓት» አልኩ። በሥራ ቀናት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ምሽትና ቅዳሜ የታመመ እጠይቃለሁ፣ በወር አንድ እሑድ እሰብካለሁ፣ ረቡዕ ማታ ወጣቶችን አስተምራለሁ። መምሬ ቃሉን ጥቂት አላመጡት። «ትርፍ» አሉ፤ «አባቴ ቄስ ነበር፤ ሲያርስ ሰንብቶ እሑድ ይቀድሳል። ትርፍ ሰዓት የሚባል አያውቅም። በሬውንም ቅዳሴውንም የሚጠራው ሥራዬ ብሎ ነው።»

በእኔ መዝገብ ትርፍ ማለት ወጪ ሁሉ ከተነሣ በኋላ የሚገኘው ነው፤ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ የሚደክመው ለእሱ ነው። ሰዓት ላይ ሲለጠፍ ግን ቃሉ ይዋረዳል፤ የተረፈ፣ የወደቀ፣ ማንም ያልፈለገው ይመስላል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። በአገራችንም ደርግ በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ፣ ሕንፃዎቿን ሲወስድና መሪዎቿን ሲያስር፣ 5 ሺህ ያህል የነበሩት ምእመናን ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየመኖሪያ ቤቱ ተሰበሰቡ። ቦታ እየቀያየሩ፣ ድምፃቸውን እየቀነሱ። ቀን በቢሮ የዋለው ማታ በሳሎኑ ያስተምራል፤ ሴቶች ሻይ ባፈሉበት ማድቤት አጠገብ የጸሎት መሪ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ወድቆ በሩ ሲከፈት ምእመናኑ ከ30 ሺህ በልጠው ወጡ። ያን ሁሉ ያሳደገው ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ስለዚህ ማንም ወጣት «እኔ እኮ የትርፍ ሰዓት ብቻ ነኝ» ብሎ አንገቱን ሲደፋ ልቤ ያዝናል።

ባሕር ማዶም እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር በትውልድ መንደራቸው በፕሌይንስ፣ በማራናታ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ደግሞ ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ከተባለው፣ ከ1993 ጀምሮ በኢትዮጵያም ቤት ከሚሠራው ድርጅት ጋር መዶሻ ያነሡ ነበር። በ2019፣ በ95 ዓመታቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ከቅንድባቸው በላይ 14 ስፌት ተሰፉ። በማግሥቱ ዓይናቸው አብጦ ናሽቪል ውስጥ ለሰው ቤት እንጨት ሲገጥሙ ታዩ። ፎቶግራፉን ባየሁ ቁጥር የማየው ዓይናቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው።

በጥቅምት ጢሜ ደረቴን ባይነካም ከአገጬ ወርዶ ነበር። የታክሲ ረዳቱ «አባ፣ ግቡ» ይለኛል፤ ወጣቶች ወንበር ይለቁልኛል። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ከመንገድ ማዶ ሮጣ መጥታ አንገቷን ዝቅ አደረገች። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ መስቀልም አልያዝኩም። ይህንኑ ነገርኳት። ልጅቷ ግን ቀና አላለችም፤ ፈተና ልትቀመጥ ነው የምትሄደው። «እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ» አልኳት፤ «አሜን» ብላ ሮጠች። በዚያ ቀን ቢሮ ገብቼ አንድ የሥራ ባልደረባዬን በስልክ ልቆጣ ተነሥቼ ተውኩት። ሰው አባት ብሎ ጠርቶህ ከሄደ በኋላ እንደ ልብ መቆጣት ይከብዳል።

ልስኑ የደረቀው በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ነው። መምሬ ጠበል ረጩ፤ እናታችን ድፎ ዳቦ ጋግረዋል። ስድስታችንም በር ላይ ቆመን አንድ ላይ «ቤት ለእንቦሳ!» አልን። እናታችን «እንቦሳ እሰሩ!» አሉ፤ ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰበረ። በ4 በ5 ሜትር ቤት ውስጥ እንቦሳ የሚታሰርበት የለም፤ አንዲት ቀይ ዶሮ ግን በማዕዘኑ ቋሚ ላይ በገመድ ታስራለች። ቀና ስል እናታችን አገጬን አተኩረው ያያሉ። ቀረብ አሉና ከጢሜ ውስጥ አንድ ዘለላ ጭድ ነቅለው አወጡ። ወደ ውጭ ይጥሉታል ብዬ ስጠብቅ፣ በሩ ሥር ገና እርጥብ የነበረች ጥጋት ላይ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለሰኑት፤ ከዚያም «ግባ፣ ልጄ፤ ቡናው ደርሷል» አሉኝ።