ውሃ ስለ ቋጠረ የተረከዝ አጥንት

ሰው ቆሞ ሲሄድ የአካሉን ክብደት ተሸክሞ ምድርን አስቀድሞ የሚረግጠው ተረከዙ ሆኖ ሳለ፣ በዚሁ ብርቱ አጥንት ፊተኛ ክፍል ላይ፣ የሸክሙ ኃይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተከፍሎ ስለሚያልፍ የአጥንቱ ጥልፍልፍ ከተፈጥሮው የሳሳ አንድ ሥፍራ አለ። በተረከዝ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚሁ ሥፍራ ነው።

ደዌው ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ ብልትም አይዛመትም። እንዲያውም ብዙ ሰው ሳያውቀው አብሮት ይኖርና፣ አንድ ቀን ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ራጅ ሲነሣ ያልጠረጠረው ነገር ይገለጥበታል። ያንን ጥቁር ክብ በፊልሙ ላይ አይቶ ነፍሱ የማትታወክ ጥቂት ነው፤ የሐኪሙም ጥበብ የሚፈተነው ቢላዋ ሳያነሣ ገና በዚህ ላይ ነው።

ከረጢቱ ትንሽና ሕመም የሌለው እንደ ሆነ በየጊዜው ራጅ እያነሡ ይታገሡታል፤ የአጥንቱን ወርድ ከዳር እስከ ዳር ይዞ ከርዝመቱም ቢያንስ 30 በመቶውን የወሰደ እንደ ሆነ ግን፣ በተለይ በሯጭና በወዛደር ላይ ስብራት ያስከትላል ተብሎ ይፈራልና፣ ሊቃውንቱ ቀዶ ሕክምናን ይመክራሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም ኦስካር ስካሊዬቲ በ1979 እ.ኤ.አ. ስቴሮይድ በመርፌ ወደ ከረጢቱ መጨመር እንደሚጠቅም ከጻፈ ወዲህ ቢላዋ የሌለበት መንገድ ተከፍቷል፤ በተረከዝ ላይ ግን ፍቆ መሙላቱ የበለጠ የታመነ ሆኖ ተገኝቷል።

ሐኪሙ ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት በታች ቆዳውን ሰንጥቆ፣ በዚያ የሚያልፉትን ጅማቶችና ለእግሩ ዳር ስሜት የሚሰጠውን ቀጭን ነርቭ በጥንቃቄ ገለል አድርጎ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት በሳሳው ግድግዳ ላይ ትንሽ መስኮት ሲከፍት፣ ጠራ ያለ ቢጫ ውሃ ይፈስሳል። ከዚያም ጫፉ ማንኪያ በሆነ መፋቂያ ስሱን ሽፋን እስከ ጥጋጥጉ ፍቆ፣ ናሙናውን ለምርመራ ልኮ፣ ክፍቱን ከታማሚው ዳሌ በተወሰደ ወይም ከሌላ ሰው በተለገሰ አጥንት ይሞላዋል። በደም የሚሞላው ሌላው ዓይነት ከረጢት ግን ፈጥኖ የሚያድግና ተመልሶ የሚበቅል ስለ ሆነ ግድግዳው በመሰርሰሪያ ጭምር ይጸዳል።

ቤተ ሰብ ዘወትር የሚጠይቀው አጥንቱ በምን እንደ ተሞላ ነው፤ የሥራው ፍጻሜ ግን ይበልጡን በአፋፋቁ ይወሰናል፤ ሽፋኑ ተርፎ ከቀረ ደዌው ይመለሳልና። ከዚያም በኋላ ለሳምንታት በክራንች እየሄዱ ተረከዙን ከሸክም ማሳረፍ ግድ ነው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እንዲህ ያለ ራጅ በእጁ ይዞ የደነገጠ ቢኖር፣ ስለ ከረጢቱ መጠን፣ ስለ ዓይነቱና ስለ ስብራቱ ሥጋት ሐኪሙን አጥብቆ ይጠይቅ፤ «ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰህ ታይ» ብሎ የሚያሰናብተውንም ሐኪም ሥራውን እንዳልሠራ አይቍጠርበት።